ሦስተኛዋ ሳንቃ

መካነ ሰላም፣ እሑድ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት ለአባዬ ነው። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የጎረቤታችን ስም ጠፍቷቸው እጃቸውን ለሰላምታ እንደዘረጉ ቆመው ቀሩ። እቤት ገብተው ትንሽ ከተቀመጡ በኋላ፣ "ሸዋረግ፣ አእምሮዬ እየሸሸኝ ነው። ሳይብስብኝ የጀልባዋን ታሪክ ጻፊልኝ" አሉኝ። የራሳቸውን አላሉም። የእናቴንም አላሉም። የጀልባዋን።

ዛሬ የነገሩኝ ይህን ነው። አያቴ ቄስ ነበሩ። አባዬም ቄስ እንዲሆኑላቸው ፈልገው ቅኔ እንዲማሩ ወደ ሐይቅ ላኳቸው። አባዬ ሁለት ዓመት ተማሩ፤ በሦስተኛው ውኃው አሸነፋቸው። "ቅኔ ልቆጥር ስቀመጥ ዓይኔ ዓሣ አጥማጆቹ ላይ ነው" አሉኝ። አሕመድኑር ከሚባል እንጨት ሠሪ ጋር ሆነው በ1973 ጀልባዋን ሠሯት። ሳንቃዋ ሁሉ ዋንዛ ነው። አሕመድኑር ሚስማር ሲመታ "ቢስሚላሂ" ይላል፤ አባዬ "በስመ አብ" ይላሉ። "በሁለታችንም ዱዓ ነው የተንሳፈፈችው" ብለው ሳቁ። አሥራ አንድ ዓመት ቆሮሶ ዓሣ አጠመዱባት። እናቴን ንግሥቴን ያገኟትም ዓሣ ልትገዛ መጥታ ነው። ከተጋቡ በኋላ ስሟን ጀልባዋ ጎን ላይ በነጭ ቀለም ጻፉት።

አራተኛ ክፍል የማስተምር ሰው ነኝ፤ የአባቴን ግማሽ ታሪክ ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።

እሑድ ግንቦት 18

አባዬ ዛሬ ልባቸው ብሩህ ነበር። ልጄ እድላዊት ከጎናቸው ተቀምጣ "እሺ፣ ከዚያስ አባባ?" ትላለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ታሪክ አትጠግብም።

በ1984 አያቴ ሲታመሙ አባዬ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጀልባዋን ትተው መምጣት አልሆነላቸውም። አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ጫኗት። ይህን እኔም አስታውሳለሁ፤ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ይሄነው አራት። የተቀመጥነው ጀልባዋ ውስጥ ነው። አቀስታ ላይ ብርዱ ሲጠና እናቴ ጭድ ነስንሳ በጋቢ ሸፈነችን። የአቀስታ ልጆች መኪናውን እየተከተሉ "መርከብ! መርከብ!" ይሉ ነበር። መካነ ሰላም ስንደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሳቀብን። "የቄሱ ልጅ እንደ ኖኅ ተራራ ላይ መርከብ ይዞ መጣ" ተባለ። አያቴ ግን አልሳቁም። ከአልጋቸው ሳይነሡ፣ "ቅኔውን የት ጥለህ ነው ይህን የተሸከምኸው?" አሏቸው። አባዬ ይህን ሲነግሩኝ ቀና ብለው አላዩኝም።

ሁለት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ከረመች። ከብት ገለባ በላባት። በ1986 አባዬ ሠላሳ ጎልማሳ ለምነው በሁለት ቀን ቆላ አወረዷት፤ አባይ ዳር፣ ውኃው በበጋ ረጋ ብሎ ከሚተኛበት መልካ። ከዚያ በኋላ የዓሣ ጀልባ አልሆነችም። አባዬ የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቆሙላት፣ የእርዳታ ድንኳን ቀደው ሸራ ሰፉላት። ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው ታች ሽቅብ የሚነፍስ ነፋስ አለ፤ እሱ ይገፋታል። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ሳምንት ሙሉ እዚያ እንሰነብት ነበር። እናቴ ውኃ ትፈራለች፤ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጥላ መሃል ትቀመጣለች። ይሄነው የሸራውን ገመድ ይይዛል። ገመዱን ከያዘ መዝፈን ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ግን ይዘፍናል።

እናቴ በ2008 ካረፈች ወዲህ ሸራው ተሰቅሎ አያውቅም። ጀልባዋን የሚጠብቃት አያ ቢሻው ነው፤ እዚያው መልካው አፋፍ ማሽላ የሚያርስ ሰው።

አባዬ መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ "ሁለት ዓመት ይሆናል፣ ቀለም ልቀባት ወርጄ አይቻለሁ። ከፊት በግራ በኩል ሦስተኛዋን ሳንቃ ምስጥ ውስጥ ውስጡን በልቷታል። አሁን የያዛት ቀለሙ ነው። ውኃ እንዳያስነካት ለይሄነው ንገሪው።"

እሺ አልኳቸው። ይሄነው በርና መስኮት ሠሪ ነው፤ ሱቁ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሳየው እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ ግንቦት 27

መንገድ ተዘጋ። መኪና አይገባም፣ አይወጣም። ስልክም የለም።

ከእድላዊት ኢንሱሊን የቀረው የአንድ ብልቃጥ ሩብ ነው። መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያው ባዶ ነው።

ለአባዬ ምንም አልነገርኳቸውም።

እሑድ ሰኔ 2

በእግር ያልሄድኩበት ቤት የለም። ስኳር ያለበት ሰው ያለበትን ቤት ሁሉ ጠይቄያለሁ። አንዲት እናት በሩን ከፍታ አየችኝና ምን ልል እንደመጣሁ አወቀች። "እኔም አንቺ ጋ ልመጣ ነበር" አለችኝ።

ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። በቀን አሥር ጊዜ ክዳኑን እከፍታለሁ። ባየሁት ቁጥር የሚጨምር ይመስለኛል።

ሐሙስ ሰኔ 6

መርፌዋን ከቀነስኩ አራት ቀኔ ነው። አታውቅም ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት "እማዬ፣ መስመሩ እዚህ ጋ ነበር እኮ የሚደርሰው" ብላ በጣቷ አሳየችኝ። "ሐኪሙ ነው ቀንሺ ያለው" አልኳት።

ውኃ ትጠጣለች፣ ትጠጣለች። ከንፈሯ ደርቋል። አባቷ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እሱ ጠየቀችኝ። ልጆች ለምንድን ነው ሲታመሙ የሌለን ሰው የሚጠሩት?

ቅዳሜ ሰኔ 8

ከማዶ መልእክት መጣ። የአክስቴ ልጅ ቃለ ክርስቶስ ጎጃም ነርስ ነው። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ካለ ጤና ጣቢያ አምስት ብልቃጥ ለምኖ አስቀምጦልናል። መልእክቱን ያመጣው በዋና የተሻገረ ሰው ነው፤ ድልድዩ ላይ ማለፍ ስለማይቻል። ይሄነው ይህን እንደሰማ መዶሻውን ጥሎ መጣ።

"እኔ እሻገራለሁ" አለ። "በጀልባዋ።"

እድላዊትን አልጋዋ ላይ አያት። ግንባሯን ሳማት። "እድልዬ፣ ሦስት ቀን ጠብቂኝ። ሸራውን ሰቅዬ ነው የምመጣልሽ" አላት። ሳቀች። ካልሳቀች ሰንብታ ነበር።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም አለ። አባዬ ጓዳ ተኝተዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እታለም፣ አባዬ ስለ ጀልባዋ ያሉሽ ነገር አለ?" አለኝ።

"ልቀስቅሳቸውና ጠይቃቸው?" አልኩት።

"ተያቸው። አንቺን ነው የጠየቅሁሽ።"

መለስኩለት። አቅፎኝ ሄደ።

እሑድ ሰኔ 9

ሳይነጋ ወርዷል። ሚስቱ የትምወርቅ ስንቅ ቋጥራለት እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኘችው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አገኘኋት። "አብሽሪ፣ እግዜር ያውቃል" አለችኝ። እኔን ታጽናናኛለች።

አባዬ ሦስት ጊዜ "ይሄነው ዛሬ አልመጣም?" አሉ። "ሥራ በዝቶበት ነው" አልኳቸው።

ሰኞ ሰኔ 10

ዛሬ ይሻገራል። ሰማዩ ጥቁር ነው። እዚህ ሲዘንብ እዚያ ውኃው ይሞላል።

ልጄ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ሐኪሙ ይህን ሽታ ፍሪ ብሎኝ ነበር።

ጌታዬ፣ አንዱን አትርፍልኝ ብዬ አልለምንህም። ሁለቱንም።

ማክሰኞ ሰኔ 11

ብልቃጡ አለቀ።

ረቡዕ ሰኔ 12

አያ ቢሻው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ዳገቱን ሲወጣ አድሮ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ አንድ ፔርሙስ ዘረጋልኝ። የይሄነው ፔርሙስ ነው፤ ሰማያዊው።

ተቀበልኩት። ከፈትኩት። ብልቃጦቹ አምስት ናቸው፣ አልተሰበሩም፣ ብርድ ብርድ ይላሉ። ሮጬ ገብቼ ወጋኋት። ከዚያ ወጥቼ ነው "አያ ቢሻው፣ ይሄነውስ?" ያልኩት።

ይህን እዚህ ላይ የምጽፈው ሌላ ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ነው። መጀመሪያ ፔርሙሱን ነው የከፈትኩት።

አያ ቢሻው መሬት ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ሲል ነገረኝ፦

"እሑድ ማታ መጣ። ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከመነሣቱ በፊት፣ ከፊት ከግራዋ በኩል የቆርቆሮ ቁራጭ መታባት። ሬንጅ ቀባት። ከዚያ ተሻገረ፤ ደህና አድርጋ አሻገረችው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከማዶ ተነሣ። ሸራውን ሰቅሎ ነበር። ሲዘፍን እሰማዋለሁ። ላይ ደጋ ዘንቧል መሰል ውኃው ድንገት ቀላ፣ ግንድ ይዞ መጣ። መሃል ላይ ሲደርስ ጀልባዋ አፍንጫዋን ደፋች። ጎንበስ ብሎ በጣሳ ውኃ ሲቀዳ አየሁት። ቆይቶ መቅዳቱን ተወው። ቀና ብሎ በስሜ ጠራኝ፤ ፔርሙሱን ከፍ አድርጎ አሳየኝና በሙሉ ኃይሉ ወረወረው። ዳር አካባቢ ወደቀ፤ በረጅም እንጨት ሳብኩት። ቀና ስል ጀልባዋም የለች፣ እሱም የለ።"

"ዋና ይችላል እኮ" አልኩት።

"ደራሽ ነው የኔ እመቤት። ዋና ምን ያደርጋል?"

ቆርቆሮውን ለምን እንደመታባት አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ ሰኔ 15

ትናንት ወንዙ መታጠፊያ ላይ አገኙት። ዛሬ ቀበርነው። የሱቁ ጓደኞቹ ሣጥኑን ሠሩለት፣ እሱ ለበር ብሎ ካስቀመጠው እንጨት።

እድላዊት ትበላለች። ዛሬ ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። መርፌውን ስወጋት "የአጎቴ ነው አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ቆዳዋን ራሷ ያዘችልኝ።

ቅዳሜ ሰኔ 22

ለቅሶ ቤት ነው የዋልነው። ሰው ሞልቷል። አባዬ ከወንዶቹ መሃል ተቀምጠው ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ "አባ በላይ፣ ያቺ ጀልባ አርጅታ ነበር እኮ፤ እንዴት ዝም አሉት?" አሏቸው።

አባዬ ቀና አሉ። ያን ጊዜ አእምሯቸው እንደ ጠራ ሰማይ ነበር። "ዝም አላልኩም። ሦስተኛዋ ሳንቃ ተበልታለች፣ ውኃ እንዳታስነካት ብዬ በእህቱ አፍ ልኬበት ነበር። አልሰማኝም። አባቱን የናቀ ልጅ ነው፤ ውኃ በላው።"

የትምወርቅ ከሴቶቹ መሃል ቀና ብላ አየችኝ። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። ውኃ አልጠማኝም ነበር።

ሰኞ ሰኔ 24

ይህን ደብተር ላቃጥለው እሳት አጠገብ ወስጄው ነበር። የአባዬ ታሪክ አለበት ብዬ መለስኩት። ይህም ሰበብ ነው።

በጎዳና ሳልፍ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። "ግትር ነበር አሉ። አባቱ እየከለከሉት።" "ልጆቹን እንኳ አላሰበ።" አልፌ ሄድኩ። ሰላም እንኳ ብያቸዋለሁ።

ከአባዬ ይልቅ እኔ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ላስረዳ እችል ነበር። ምን ብዬ? ነግሬዋለሁ ብል ውሸት ነው። አልነገርኩትም ብል ... ልጄ በዚያ ሰዓት ትንፋሿ እንዴት እንደነበር ማን ያውቃል?

ሰኞ ሐምሌ 1

መንገዱ ተከፈተ። ከደሴ መኪና ገባ። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ሰው ልኮ አስጠራኝ። ሄጄ አየሁት፤ ሙሉ ካርቶን። "አብሽሪ እትዬ ሸዋረግ፣ ከእንግዲህ አይጠፋም" አለኝ። ደስ እንዲለኝ ጠብቆ ነበር። መደርደሪያውን ይዤ ቆምኩ። ሃያ ቀን። ሃያ ቀን ብቻ።

እድላዊት ያለዚያ ሃያ ቀን አትቆይም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። አውቄም አይጠቅመኝም።

ሐሙስ ሐምሌ 4

የትምወርቅ መጣች። ጥቁሯን ለብሳ፣ ልጆቿን ለእናቷ ትታ፣ ብቻዋን። አባዬ ተኝተው ነበር። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"ነግረሽው ነበር?" አለችኝ።

የጓዳውን በር ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

"ሸዋረግ፣ አባትሽ በሰው ፊት ባሌን ሰደቡት። ልጆቼ ሰምተዋል። ነግረሽው ነበር ወይስ አልነገርሽውም?"

"አልነገርኩትም" አልኩ። "ጠየቀኝ። 'ምንም አላሉም፣ ደህና ናት' አልኩት።"

ይኸው፤ ሰኔ 8 ቀን ያልጻፍኩት ይህ ነው።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ልትመታኝ ትችላለች ብዬም ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን በሩን ተደገፈች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"እሱም ያውቅ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ቆላ ወርዶ ጀልባዋን አይቷታል። ሳንቃዋን በአውራ ጣቱ ሲጫናት ጣቱ ገባ። አንቺ ዘንድ ከመጣ በኋላ ቅዳሜ ማታ ነገረኝ። 'አባዬ ነግረዋት እንደሆነ ብዬ ሸዋረግን ጠየቅኋት፤ ደህና ናት አለችኝ። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር' አለኝ። 'ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?' አልኩት። 'ልጇን አስበልጣ ነው። እኔም ብሆን ለልጄ እንደዚያው እዋሽ ነበር' አለኝ። ቆርቆሮና ሬንጁን ከሱቅ ይዞ አደረ።"

መሬት ላይ ተደፋሁ። እግሯን ልይዝ ነበር። ወደ ኋላ አለች።

"እሱ ይቅር ብሎሽ ነው የሄደው" አለች። "እኔ ግን እሱ አይደለሁም።"

በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

እሑድ ሐምሌ 7

ያውቅ ነበር። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ሳያውቅ ሄዶ ቢሆን ገደልኩት እል ነበር። አውቆ ሄደ፤ ውሸቴን ተሸክሞልኝ ሄደ። ይህ ምን ይባላል?

አርብ ሐምሌ 19

ነገ አርባው ነው። ዛሬ ከሰዓት አባዬ ጋ ገባሁ። ፀሐይ ወጣ ብሎ ነበር፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይሞቃሉ። አእምሯቸው ባለበት ሰዓት ልንገራቸው ብዬ ሳምንት ጠብቄያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ አእምሯቸው ባይመለስ ብዬም ጠብቄያለሁ።

"አባዬ፣ ይሄነው አልናቅዎትም። የላኩኝን አልነገርኩትም። ምንም አላሉም፣ ደህና ናት አልኩት።"

መቁጠሪያቸው እጃቸው ውስጥ ቆመ። ረስተውት ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተመኘሁም።

"እንግዲያ እኔ የሞተ ልጄን ነው የሰደብኩት" አሉ።

"እኔ ነኝ አባዬ፣ እኔ..."

"ተይኝ።"

እራታቸውን ሳይበሉ ተኙ።

ቅዳሜ ሐምሌ 20

የይሄነው የአርባ ቀን ተዝካር። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ተቀምጠዋል፤ ሰዉ ይበላል። ዝናብ ይጥላል።

አባዬ ከቤት ሲወጡ አልጠበቁኝም። ከኋላቸው ሮጬ ደረስኩ። ከየትምወርቅ ግቢ በር ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ጎንበስ ብለው አነሡ። ሰባ ዓመታቸው ነው። ላግዝዎት ብዬ እጄን ብዘረጋ በክንዳቸው ገፉኝ። ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ጎብጠው፣ በዳሱ መሃል አልፈው የትምወርቅ ፊት ተንበረከኩ። የሚበላው ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

"ልጄ አልናቀኝም" አሉ፤ ድምፃቸው ዳሱን ሞላው። "ቃሌ አልደረሰውም ነበር። የሞተ ሰው ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ይስሙ። አባታችሁ ለሰው ብሎ ነው የሞተ።"

ቃሉ ለምን እንዳልደረሰው አላሉም። የእኔን ስም አልጠሩም። ሰው ግን ቂል አይደለም፤ ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። በዳሱ መግቢያ ላይ እድላዊትን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ጉንጯ ሞልቶ፣ ቀልቶ፣ ጤነኛ ሆና። ለመጀመሪያ ጊዜ ጤናዋ አሳፈረኝ።

የትምወርቅ ተነሥታ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሣችው። እያለቀሰች አቅፋ አስነሣቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ጎንበስ ብላ የእድላዊትን እጅ ከእጄ ወሰደች፤ "ነዪ እድልዬ፣ ዝናብ አይምታሽ፤ ከልጆቹ ጋር ብዪ" አለቻትና አባዬንና ልጄን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

አባዬ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን አላለቀሱም ነበር። ያን ጊዜ ከውስጥ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። "ይሄነው፣ ይሄነው" ይላሉ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ጮክ ብለው። እግሬ ሊገባ ከደጃፉ ደረሰና ቆመ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ማንም ግቢ አላለኝም። ካባራም በኋላ አላለኝም።